የአሥራ አንድ እጅ ጨው

ነርሷ በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ወጥታ፣ የጠበባትን ጫማ እየረገመች ወደ ቤቷ ስታዘግም፣ መንገዱ ጥግ ላይ ካለው ሱቅ አክስቷ ብቅ አሉ። በቀኝ እጃቸው ሁለት ጣሳ የረጋ ዘይት አንጠልጥለዋል፤ በግራ ክንዳቸው አራት እሽግ ጨው እንደ አራስ ልጅ አቅፈዋል። እኚህን ሴት ቤተሰቡ በሌሉበት «ጄኔራሏ» ይላቸዋል። ባሉበት እንዲህ ብሎ የጠራቸው እስካሁን የለም፤ ካለም አልተረፈም። በዓመት አንዴ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ሲሰበሰብ ትልቁ ድስት የሚጣደው በእሳቸው ቤት ነው።

«አክስቴ፣ ይህ ሁሉ ጨው ምን ሊሆን ነው? ቆዳ ሊያለፉ ነው?»

«ሰላምታ የለ፣ እንደምን ዋሉ የለ፣ ገና ከመተያየታችን ምርመራ! ክሊኒክ መሰለሽ?»

እዚህ ላይ ነርሷ ይቅርታ ጠይቃ፣ ጣሳውን ተቀብላ ብትሸኛቸው ኖሮ በዓሏን በሰላም ባሳለፈች ነበር። ነገር ግን አራት ዓመት የተማረችበት ትምህርት ቤት ዝም ማለትን አላስተማራትም፤ ከትምህርት ዓይነቶቹ ውስጥ አልነበረም።

«የጠየቅሁት ለጋሽዬ ብዬ ነው» አለች፣ ጣሳዎቹን እየተቀበለች። «አምና ምን እንደሆኑ ረሱት?»

ጋሽዬ የአክስቷ ባል ናቸው። አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው የሰው ስህተት ሲለቅሙ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የራሳቸው ደም ግፊት ጠበቃቸው። አምና በዚሁ በዓል፣ ሁለተኛውን ሳህን እንደጨረሱ ከወንበራቸው ተንሸራተው ወደቁ። ሦስት ቀን ተኝተው ሲወጡ ሐኪሙ፣ «ሁለተኛ እንዲህ ሆነው ከመጡ፣ ተመልሰው ለመሄድዎ ቃል አልገባም» አላቸው። ነርሷ አጠገባቸው ቆማ ሰምታለች። አክስቷም ሰምተዋል። መስማትና መስማት ግን ይለያያል።

«እሱን የጣለው የሰው ዓይን ነው» አሉ አክስቷ። «የዚያን ዕለት አዲስ ኮት ለብሶ ነበር።»

«ኮቱ አይደለም፣ ድስቱ ነው!»

«ድስቱ ምን አደረገ? አባቴ ከዚያው ድስት በልተው ዘጠና ዓመት ኖረዋል።»

«አባትዎ በቀን ሁለት ሰዓት በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ጋሽዬ ከሶፋ ተነሥተው ቴሌቪዥኑ ድረስ ነው የሚሄዱት። ሪሞት ከተገዛ ወዲህ ደግሞ እሱም ቀርቷል።»

«እንግዲህ ዘንድሮ እንግዳዬን ሣር ላብላው?»

«ማን ሣር አለ?»

«ያው አይደል የምትሉት! ስብ አትብሉ፣ ጨው አትብሉ፣ ጣፋጭ አትብሉ። እናንተ የተማራችሁት ሰው እንዳይሞት ነው ወይስ እንዳይበላ?»

ነርሷ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ከዚያ በኩል የመጣ እርዳታ አልነበረም።

እንዲህ እየተነታረኩ ቤት ደረሱ። ጋሽዬ ሳሎን ውስጥ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በጋዜጣ ላይ የተሳሳተ ፊደል በእርሳስ ይከብባሉ። «ደህና ነሽ ልጄ?» አሉና ወደ ክበባቸው ተመለሱ። ኩሽና ውስጥ አክስቷ ሥጋውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት፤ ነርሷም እጇን ታጥባ ቢላዋ አነሣች።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ስቡን ላነሣለት።»

«ስቡን! ስብ የሌለው ሥጋ የበሽተኛ ምግብ ነው።»

«ታዲያ የሚበላውስ በሽተኛ አይደል እንዴ?»

ከሳሎን ጋሽዬ «ሰምቻችኋለሁ» አሉ።

አክስቷ እጃቸውን ከሥጋው ላይ አነሡ። ነርሷ ይህን እንደ ድል ቆጥራ ንግግር ጀመረች። ዘይቱ ከጣሳ በቀጥታ መንቆርቆሩ ቀርቶ በማንኪያ ይለካ፤ እሱም የረጋው ሳይሆን ፈሳሹ ይሁን። ድንቹ ከሚጠበስ ይቀቀል። ካሮቱና ጎመኑ ለጌጥ ሳይሆን ለመብል ይብዛ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ የሚያመጡትን ጣዕም ጨው ብቻውን አያመጣውም። አንድ ሰው በቀን ከሁሉም ምግቡ የሚያገኘው ጨው ተደምሮ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማለፍ የለበትም።

«አንድ የሻይ ማንኪያ?» አሉ አክስቷ። «ለድመት ነው?»

«ለሰው!»

«እሺ፣ ስቡን አንሺ። ዘይቱንም በማንኪያ ለኪ፤ ከፈለግሽ በመርፌ ውጊው። የእጅ ጨው ግን አይነካም።»

የእጅ ጨው ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ማስረዳት ተገቢ ነው። በዚህ ቤት የበዓል ድስት በተጣደበት ኩሽና የገባ ሁሉ ክዳኑን ከፍቶ፣ ከጨው ዕቃው ቆንጥሮ፣ ድስቱ ላይ በትኖ ይወጣል። ድሮ ተኳርፈው የኖሩ የሁለት ወንድማማቾች ሚስቶች የታረቁት አንድ ድስት ላይ ጨው አብረው በመጨመር ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሳይጨምር ያለፈ ሰው ቂም እንደያዘ ይቆጠራል። አምና አዲሷ ምራት ባለማወቅ ዝም ብላ አልፋ፣ ሁለት ወር ሙሉ «ምን አስቀይመናት ይሆን?» ሲባልባት ከረመች። ከእሷ በፊት ስንት እጅ እንደገባበት የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ሰው ሁሉ ፍቅሩን ቆንጥሮ ሲጨምር፣ ጋሽዬ ደግሞ የሁሉንም ፍቅር በአንድ ሳህን ሲበሉ ኖረዋል።

«እሱን እኮ ነው የምልዎት!» አለች ነርሷ፣ ድምፅዋ ቀጠን እያለ። «ጎረቤት ይጨምራል፣ አማች ይጨምራል፣ ውሃ ሊጠጣ የገባው ሁሉ ይጨምራል። ይህ ምግብ ነው ወይስ መዋጮ?»

«ከልክዪና እያንዳንዱን አስቀይሚው! ዘመድ አዝማድ ሲበተን ያኔ ግፊቱን ትለኪለታለሽ።»

ነርሷ ቢላዋውን አስቀመጠች። ቁምሳጥኑ ላይ የተደፋ የሻይ ብርጭቆ አየችና አንሥታ ምድጃው አጠገብ አኖረችው።

«እሺ አክስቴ፤ ማንም አይከልከል። ነገ የገባ ሁሉ እንደ ወጉ ይቆንጥር። ግን ድስቱን ሳይከፍት እዚህ ብርጭቆ ውስጥ ይጣለው። ሲበስል እርስዎ በራስዎ እጅ ይጨምሩታል።»

«ሁሉንም?»

«ከፈለጉ ሁሉንም። አልናገርም።»

አክስቷ ብርጭቆውን በጥርጣሬ አዩት፤ የተማረ ሰው ሲሸነፍ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይደብቃል ብለው ያምናሉ። ነገር ግን ምንም ሊያገኙበት አልቻሉም። «ቃልሽ ነው» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ድስቱ ተጣደ። ሥጋው ስቡ ተነሥቶለት በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ታሽቶ ያደረ ነው። ነርሷ ዘይቱን በማንኪያ ስትለካ አክስቷ ፊታቸውን አዞሩ፤ ዘመድ ሲሰደብ የሰሙ ይመስሉ ነበር። ጨውም ነርሷ በትንሿ ማንኪያ ለክታ ለድስቱ ሙሉ አንድ ጊዜ ጨመረች። አክስቷ ማንኪያዋን አይተው፣ «ይቺ ናት?» አሉ፤ ከዚያ ብርጭቆውን አይተው ተጽናኑ።

አራት ሰዓት ላይ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ገባ። «ጨውህን እዚህ» አሉት ጄኔራሏ። ቆንጥሮ ጣለ። የባላቸው ወንድም፣ አውቶቡስ ነጂው፣ ቀጥሎ መጣ። የእሱ ቁንጥር መሪ የሚጨብጥ እጅ ቁንጥር ነው፤ በሦስት ጣት ጀምሮ በአምስት ጨረሰ። አዲሷ ምራት የአምናውን አስታውሳ፣ ሁለተኛ ላለመታማት ሁለት ጊዜ ጨመረች። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ሰዓት ሲሆን አሥራ አንድ ሰው ገብቶ ወጣ።

አክስቷ የድስቱን ክዳን ከፍተው ብርጭቆውን አነሡ። ነርሷ ቃሏን ጠብቃ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ብርጭቆው ከግማሽ በላይ ሞልቷል።

አክስቷ እጃቸውን ከድስቱ በላይ ዘርግተው ቆሙ። እንፋሎቱ ክንዳቸውን አረጠበው። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት፤ ደግመው አዩት።

«ይህን ነው ያበላሁት?» አሉ፣ ቀስ ብለው።

አክስቷ ብርጭቆውን ነቀነቁት።

«ይሄ እኮ የእንግዳው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ላይ ነበር የምጨምረው።»

«ሲቀምሱትስ አይታወቅዎትም ነበር?»

አክስቷ ብርጭቆውን አስቀምጠው ወንበር ሳቡ። ነርሷ በዚህ ኩሽና እሳቸው ሲቀመጡ አይታ አታውቅም።

«አልቀምስማ» አሉ። «ሦስት ዓመቴ ነው። ምላሴ ጨውና ስኳር አይለይም። ያገኘሁትን ሁሉ ‹እስኪ ቅመሱልኝ› የምለው ለአክብሮት መሰለሽ? ሰው ሁሉ ጨው ሲጨምር ደስ የሚለኝ፣ አንዱ ልኩን ያውቀዋል እያልኩ ነው።»

«ሦስት ዓመት!» ነርሷ ጮኸች። «ነርስ ዘመድ እያለዎት ሦስት ዓመት! መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ የሚታከም ሊሆን ይችላል! ለምን አይነግሩኝም?»

«ነግሬሽስ? መቅመስ ለማትችል ሴት ድስት ማን ይተውላታል? ትራስ ደግፋችሁ ሳሎን ታስቀምጡኛላችሁ፤ እንደ አበባ ማስቀመጫ። ሰው እየመጣ ‹እንዴት አምሮብዎታል› ይለኛል።»

ነርሷ ከትናንት ጀምሮ ያጠራቀመችው ብስጭት መውረጃ አጣ። ጋሽዬን ሊገድል በተቃረበው ድስት ላይ የተጨመረው ጨው ሁሉ፣ ለካ አንዲት ሴት ከምድጃዋ እንዳያስነሧት ስትፈራ የተጨመረ ነው። እንዲህ ዓይነቱን በሽታ በየትኛው መጽሐፍ ልታገኘው?

«ማንም አያስነሣዎትም» አለች በመጨረሻ። «ድስቱ የእርስዎ ነው፤ ልክ የማንኪያው ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እኔ ጋ መጥተው ይመረመራሉ። አሁን የጎደለን ቀማሽ ብቻ ነው።» ወደ ሳሎን ዞረች። «ጋሽዬ! እስኪ ብቅ ይበሉ!»

ጋሽዬ ኩሽናው ደፍ ላይ ቆሙ። በአርባ ዓመት ትዳር ከዚህ ደፍ አልፈው አያውቁም፤ ሚስታቸውን በዓይናቸው ፈቃድ ጠየቁ። አክስቷ በእጃቸው «ግባ» አሉ። ማንኪያ ተሰጣቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ መረቁን እፍ እፍ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀመሱ። ማተሚያ ቤት ሳሉ የመጨረሻውን ገጽ ሲያሳልፉ እንዲህ ነበሩ ይባላል።

«ሎሚ ይጎድለዋል» አሉ። «ጨው ግን ደህና ነው። አትንኩት።»

አክስቷ ሎሚውን ጨመቁበት። ብርጭቆውን አንሥተው ሲሄዱ ነርሷ ትንፋሿን ያዘች፤ እሳቸው ግን ክዳን ፈልገው ከደኑትና ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

ማዕዱ ቀረበ። አውቶቡስ ነጂው ከመቅመሱ በፊት በልማዱ ጠረጴዛው ላይ የጨው ዕቃ ፈለገ፤ አጣ። አጎንብሶ ከጠረጴዛው ሥርም ፈለገ። ከዚያ ሦስት ሳህን በላ። ልብስ ሰፊው ሲያላምጥ ቆይቶ ቀና አለ።

«እመቤቴ፣ ዘንድሮ ሥጋው ሥጋ ሥጋ ይላል።»

«ሌላ ጊዜ ምን ምን ይል ነበር?»

«እውነቱን ልናገር?»

«ተናገር።»

«ከበላሁ በኋላ ሦስት ቀን ውሃ ውሃ ነበር የሚለኝ። እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አሥራ አንዱም በየልባቸው ምግቡ ጨው እንደሚበዛበት ያውቁ ነበር፤ አሥራ አንዱም ጨምረዋል። ነርሷ ማንኪያዋን አስቀምጣ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። የምትናገረው ነገር ብዙ ነበር፤ ግን በዓል ነው።

ከምሳ በኋላ ሌላ ጊዜ ሰው ሁሉ ቀበቶውን አላልቶ በተቀመጠበት የሚያንቀላፋበት ሰዓት ጨዋታ ሆነ። ሕፃናቱ የተቀቀለውን ካሮት ጨርሰው ተጨማሪ ጠየቁ። ጋሽዬ አምና ከወደቁበት ወንበር ዘንድሮ በራሳቸው እግር ተነሥተው፣ ሳህን ሰብስበው ወደ ኩሽና ሄዱ። አክስቷ እስኪመለሱ ከበሩ ዓይናቸውን አላነሡም። በማግስቱ ነርሷ የጋሽዬን ግፊት ስትለካ ከባለፈው ሳምንት አንዲት ነጥብ አልወጣም።

«እንግዲህ አየሽ» አሉ አክስቷ። «ስብ ሲቀንስ ሰው ይቀለዋል። አትክልት ሲበዛ ሆድ ያርፋል። ጨው በልክ ሲሆን ሥጋው ሥጋ፣ ሎሚው ሎሚ ይላል። ያም ሆኖ ማንም አልተቀየመ፤ ሁሉም እጁን አሳርፏል። ይህን ለሰው መንገር ያስፈልጋል።»

«ልክ ነዎት» አለች ነርሷ፣ አደጋውን ሳታይ።

በሳምንቱ ነርሷ ክሊኒኩ ውስጥ ምሳዋን ለመብላት አንድ ጥግ ይዛ ነበር። ምሳ ሲባል ከመንገድ ማዶ የገዛችው፣ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ጨው የተነሰነሰበት የድንች ጥብስ ነው፤ ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ጣቷ ላይ ይወርዳል። ከተራ መጠባበቂያው ክፍል የታወቀ ድምፅ ሰማች። አክስቷ ለምርመራ መጥተው፣ ተራቸው እስኪደርስ ከቦርሳቸው አንድ የተከደነ ብርጭቆ አውጥተው ለበሽተኞቹ ያሳያሉ።

«አሥራ አንድ እጅ ነው ይሄ! ባለቤቴ በየዓመቱ በልቶታል። እርስዎ ደግሞ ወይዘሮ፣ ዘይት በምንድነው የሚለኩት? በዓይን? ዓይን ለማየት ነው!»

ነርሷ በሩን ቀስ አድርጋ ልትዘጋው ስትል ጄኔራሏ ዞር አሉ። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ወረቀቱን አዩ። ሰው ሁሉ ፊት ብርጭቆውን ከፍተው ዘረጉላት።

«ነይ ልጄ፣ አትፈሪ» አሉ። «እዚህ ውስጥ አራግፊው።»