ተነሥቶ ሄደ የተባለው በሬዬ
ደራ አጠገብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና የእርሻ በሬዬን ገጭቶ እግሩን ሰበረው። ሳይሞት አረድነው፤ ሹፌሩም ቀንዱን ይዞ አገዘን። ስለ ድካሙ አንድ ታፋ ሰጥተን ሸኘነው።

አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ምትክ ልጠይቅ አዳማ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የኢንሹራንስ ጉዳይ የያዘችው ልጅ፣ "አባባ፣ ባለሙያ ሳያየው ለምን አረዱት?" አለችኝ።

"ባለሙያው መቼ ይመጣል?"

"በአሥራ አምስት ቀን።"

"እግሩ የተሰበረ በሬ ያን ያህል ቆሞ ይጠብቀዋል?"

ሹፌሩ ያስገባውን የአደጋ ሪፖርት አውጥታ፣ "በሬው ጉዳት ሳይደርስበት ተነሥቶ ሄደ" የሚለውን አነበበችልኝ።

"መሄዱንስ ሄዷል፤ ታፋው የሄደው በእናንተው መኪና ነው። ይህንንም ጻፊው፣ ልጄ" አልኳት።