ማንያህልሃላይት

ደሴ፤ ጡረታ የወጡት ዳኛ አቶ ማንያህልሃል በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የማዕድን ተመራማሪዋ ልጃቸው ዶክተር ትርፌ ከመስክ ሥራ በቀጥታ መጥታ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ፊታቸው ቆማለች።

ትርፌ፦ ሰውየው የደወለው ለእኔ ነበር፣ አባባ።

ማንያህልሃል፦ ስሜን ጠርቶ ነው የደወለው።

ትርፌ፦ የእርስዎ ስም ከእኔ ስም ኋላ ስላለ ነዋ! ፈረንጅ የመጀመሪያውን ትቶ የመጨረሻውን ነው የሚጠራው።

ማንያህልሃል፦ ጥሩ ልማድ ነው። አባትን ያስቀድማል።

ትርፌ፦ ምን አለዎት? ቃል በቃል ይንገሩኝ።

ማንያህልሃል፦ «ዶክተር ማንያህልሃል?» አለ። «አዎ፣ ማንያህልሃል ነኝ» አልኩት።

ትርፌ፦ «ዶክተር» የሚለውንስ?

ማንያህልሃል፦ አላረምኩትም። ከባሕር ማዶ የደወለን ሰው ለጥቃቅን ነገር ማቋረጥ ነውር ነው።

ትርፌ፦ ከዚያስ?

ማንያህልሃል፦ «አዲስ የተገኘውን ማዕድን በስምዎ ልንሰይመው ነው፤ ይፈቅዳሉ?» አለ። አሰብኩበት።

ትርፌ፦ ምን ያህል አሰቡበት?

ማንያህልሃል፦ ትንፋሽ እስክወስድ። ከዚያ ፈቀድኩ።

ትርፌ፦ በምን ሥራዎ እንደሆነ አልጠየቁትም? ለእርስዎ ድንጋይ የሚሰየመው ምን አድርገው ነው?

ማንያህልሃል፦ ዕድሜ ልኬን ፈርጄ፣ አንድም ቀን ጉቦ ሳልበላ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዘግይተው ሰሙ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ትርፌ፦ ፕሮፌሰር ሌናርት ስዊድን ተቀምጦ ስለ እርስዎ ችሎት ከማን ይሰማል?

ማንያህልሃል፦ ስም ይሄዳል።

ትርፌ፦ አባባ፣ ማዕድኑን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ያገኘ ሰው በራሱ ስም መሰየም ስለማይችል፣ አብሮኝ የመረመረው ሌናርት ለእኔ ሊሰይምልኝ ነበር። ባለ ስሙ በሕይወት ካለ ደግሞ ፈቃዱ ይጠየቃል። እኔ ኔትወርክ የሌለበት ቆላ ነበርኩ፤ ስልኬ እምቢ ሲለው የዚህን ቤት ሞከረ። ነገሩ ይኸው ነው። የማዕድን ስም በ«አይት» ስለሚያልቅ፣ አሁን ለስም አጽዳቂው ኮሚቴ በገባው ማመልከቻ ላይ «ማንያህልሃላይት» ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ ካልታረመ ኮሚቴው ያጸድቀዋል።

ማንያህልሃል፦ እስቲ ድገሚው።

ትርፌ፦ ዛሬ ካልታረመ ኮሚቴው...

ማንያህልሃል፦ እሱን አይደለም። ስሙን።

ትርፌ፦ ማንያህልሃላይት።

ማንያህልሃል፦ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይጎተታል እንጂ ጥሩ ነው። ሰይድ ጸጉር አስተካካዩ ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ብሎ ነው የሚጠራኝ። እድርተኛውም ሰምቷል።

ትርፌ፦ ለእድሩ ተናገሩ?

ማንያህልሃል፦ በዋናው አጀንዳ አይደለም። «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ነው።

ትርፌ፦ ለመሆኑ ምን ዓይነት ማዕድን እንደሆነ ያውቃሉ?

ማንያህልሃል፦ ወደ ወርቅ የሚጠጋ ነገር ነው ብያቸዋለሁ።

ትርፌ፦ መዳብና አርሰኒክ ነው።

ማንያህልሃል፦ አርሰኒክ ምንድን ነው?

ትርፌ፦ ድሮ የአይጥ መርዝ የሚሠራበት።

ማንያህልሃል፦ ሰው ሲጠይቅሽ መዳቡን አስቀድሚልኝ።

ትርፌ፦ መልኩ አረንጓዴ ነው። ላየው ሰው ዳቦ ላይ የወጣ ሻጋታ ነው የሚመስለው።

ማንያህልሃል፦ ጥንካሬውስ?

ትርፌ፦ በሳንቲም ይጫራል።

ማንያህልሃል፦ በየትኛው ሳንቲም?

ትርፌ፦ በዝገት ያለቀውም ይጭረዋል። እሳት ላይ ሲደረግ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

ማንያህልሃል፦ እሳት ላይ ማን አድርጉት አላቸው?

ትርፌ፦ ጌጥ አይሆን፣ አይሸጥ፣ ለመድኃኒት አይሆን። በዓለም ላይ ያለው ተጠራቅሞ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

ማንያህልሃል፦ ታዲያ ለዚህ ነው ከቆላ ድረስ እየሮጥሽ የመጣሽው? ስምሽ የሻጋታ ስም ካልሆነ ብለሽ?

ትርፌ፦ አምስተኛ ሴት ሆኜ ስወለድ ስሜን ማን አወጣልኝ?

ማንያህልሃል፦ እኔ።

ትርፌ፦ ማን ብለው?

ማንያህልሃል፦ ትርፌ።

ትርፌ፦ ትርፍ። ትምህርት ቤት ልጆቹ «ትርፍ መጫን ክልክል ነው» እያሉ ከወንበር ላይ ይገፉኝ ነበር። ለአንድም ሰው ነግሬ አላውቅም። ዓለም ላይ በጠፋ፣ በብርቅ ነገር ላይ ይሄ ስም አንድ ቀን ቢጻፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ አባባ። ሮጬ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ማንያህልሃል፦ ትርፌ ማለት ትርፍ ማለት አይደለም። ያተረፍኩት ማለት ነው።

ትርፌ፦ ይሄን እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?

ማንያህልሃል፦ አልጠየቅሽኝማ።

ትርፌ፦ እንግዲያው አሁን ልደውልለትና «ተሳስቼ ነው፤ ስሙ የልጄ ነው» ይበሉት። የፈቀዱት እርስዎ ስለሆኑ ማንሳትም ያለብዎት እርስዎ ነዎት።

ማንያህልሃል፦ ጉዳዩ ሳይሰማ ውሳኔ የለም። ተቀመጪ። ድንጋዩን ከየት አመጣሽው?

ትርፌ፦ ያውቁታል እኮ። ተማሪ እያለሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መስክ ስንወጣ፣ ከአንድ አሮጌ የመዳብ ጉድጓድ።

ማንያህልሃል፦ አዲስ ማዕድን መሆኑን ያወቅሽው ያን ጊዜ ነው?

ትርፌ፦ አይደለም። ያን ጊዜ ተራ ድንጋይ ነበር የመሰለኝ። ያወቅኩት ለእማዬ አርባ የመጣሁ ጊዜ ነው። ለእንግዳ ብርጭቆ ላወጣ ቡፌውን ስከፍት ከኋላ ተቀምጦ አገኘሁት። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ሲያርፍበት አንዱ ስንጥቅ ውስጥ የማላውቀው አረንጓዴ ነገር አየሁ። ልቅሶ ቤት መሆኔን ረስቼ እዚያው ቁጭ አልኩ።

ማንያህልሃል፦ መርዙ ከእንግዳ ብርጭቆ ኋላ ነበር ማለት ነው።

ትርፌ፦ ካልተዋጠ አይጎዳም።

ማንያህልሃል፦ እሱስ ልክ ነሽ። እንግዶቹ ሁሉ በደህና ነው የሄዱት፤ ተመላልሰውም መጥተዋል። አግብተሽ ስትወጪ ድንጋዩን ይዘሽ ሄደሻል?

ትርፌ፦ አልሄድኩም።

ማንያህልሃል፦ አስቀምጡልኝ ብለሻል?

ትርፌ፦ አላልኩም። ረስቼው ነበር።

ማንያህልሃል፦ በሕግ ዓይን ጥለሽዋል ማለት ነው። የተጣለ ነገር ባለቤት የለውም፤ አንስቶ የያዘው ሰው ነው ባለቤቱ። ይግባኝ የለውም።

ትርፌ፦ መልካም። አንስተው የያዙት እርስዎ ነዎት?

ማንያህልሃል፦ ቤቱ የእኔ ነው።

ትርፌ፦ ስለ ቤቱ አልጠየቅኩም፣ ክቡር ዳኛ።

ማንያህልሃል፦ ይሄ መልሱን የሚጠቁም መሪ ጥያቄ ነው። አይፈቀድም።

ትርፌ፦ ጉድጓዱ ተደርምሷል፤ ያ ድንጋይ ሌላ ወንድም የለውም። ቡፌው ውስጥ ባይቀመጥ ኖሮ ይሄን ማዕድን ማንም አያውቀውም ነበር። እርስዎ ከሆኑ ያስቀመጡት «እኔ ነኝ» ይበሉኝ፤ ስሙን ትቼልዎት እሄዳለሁ።

ማንያህልሃል፦ የጣልኩት እኔ ነኝ።

ትርፌ፦ ምን አሉ?

ማንያህልሃል፦ በሠርግሽ ማግስት። ሕግ ተማሪ ብዬሽ እምቢ ብለሽ ድንጋይ ለቃሚ ሆነሻል፤ ንዴቱ አልወጣልኝም ነበር። አንስቼ አጥር ሥር ወረወርኩት። በሳምንቱ ቡፌው ውስጥ አየሁት። ከቆሻሻው ጋር አውጥቼ ጣልኩት። ተመልሶ መጣ። ታጥቦም ነበር።

ትርፌ፦ ታጥቦ?

ማንያህልሃል፦ አንዱ ጎኑ ለስልሶ ያብረቀርቅ ነበር። አመት በዓል በመጣ ቁጥር ከብርጭቆዎቹ ጋር ትወለውለው ነበር።

ትርፌ፦ አባባ፣ ጽሑፋችን ላይ «አንደኛው ገጽ በወራጅ ውኃ የተሸረሸረ» ብለን ጽፈናል።

ማንያህልሃል፦ እናትሽ ናት። እሱንም አርሙት።

ትርፌ፦ እማዬ ስለ ድንጋዩ ምንም ብላዎት አታውቅም?

ማንያህልሃል፦ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም። እኔ እጥላለሁ፣ እሷ ታነሳለች። በመጨረሻ የሰለቸኝ እኔ ነኝ።

ትርፌ፦ እዚያው ተረስቶ የኖረ ነበር እኮ የመሰለኝ። አሁን በጣም ናፈቀችኝ።

ማንያህልሃል፦ እኔንም። ማታ ማታ ቡፌውን ከፍቼ አያለሁ። አንቺ ድንጋዩን ከወሰድሽው ወዲህ ቦታው ባዶ ነው።

ትርፌ፦ እንግዲህ በራስዎ ሕግ ድንጋዩ የእኔም አይደለ፣ የእርስዎም አይደለ።

ማንያህልሃል፦ አይደለም። አንስታ የያዘችው እናትሽ ስንዱ ናት።

ትርፌ፦ ስንዳይት።

ማንያህልሃል፦ ድገሚው።

ትርፌ፦ ስንዳይት።

ማንያህልሃል፦ ይሄኛው አይጎተትም።

ትርፌ፦ የእኔ ስም ይቅር። ደስ ብሎኝ ነው የምተወው። ትንሽ ግን ቅር ብሎኛል፤ አልዋሽዎትም።

ማንያህልሃል፦ እኔም ለሰይድና ለእድሩ የምናገረው አለብኝ። ፈቃዱስ? ከማን ሊጠይቁ ነው?

ትርፌ፦ ለሞተ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

ማንያህልሃል፦ በሕይወት እያለችም ጠይቀናት አናውቅም። በይ ደውዪለት። የአባቷን ስም ግን እንዳትነግሪው።

ትርፌ፦ ለምን?

ማንያህልሃል፦ ፈረንጅ የመጨረሻውን ነው የሚወስደው አላልሽም? ስንዱ ይመር ካልሽው «ይመራይት» ብሎት ያርፋል። አማቴ ይመር በሠርጌ ቀን እጄን አልጨበጠኝም። ለእሱ ድንጋይ አልሰጥም።

ትርፌ፦ እየጠራ ነው። እኔ ላናግረው?

ማንያህልሃል፦ ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም? አምጪው ስልኩን። ሄሎ? አዎ፣ ማንያህልሃል ነኝ። ቆይ፣ ቆይ፣ ላቋርጥህ ነው። ዶክተር አይደለሁም። ዶክተሯ ልጄ ናት።