የጠራዡ ጣቶች

ዝናቡ ባያባርራት ኖሮ የበሽታ መከላከያ ተመራማሪዋ ወደዚያ ጠባብ ሱቅ ዘው ባላለች። የሟች አባቷን ወዳጅ፣ መጽሐፍ ጠራዡን፣ ክር በጥርሳቸው ሲጎትቱ አገኘቻቸው። ጣቶቻቸው አብጠውና ተጣመው መርፌ መያዝ አቅቷቸዋል።

«ጋሼ፣ እጅዎ ምን ሆነ?»

«ሰውነቴ በሽታ መከላከል አቅቶት ነዋ፣ ልጄ። ይኸው እያጠነከርኩት ነው» አሉና ጥቁር ሽሮፕ የያዘ ጠርሙስ አሳዩዋት። ሐኪም ያዘዘላቸውን ኪኒን ግን «የሰውነት መከላከያ ያዳክማል» ሲባል ሰምተው ከጣሉት ከርመዋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ የእርስዎ መከላከያ አልደከመም። ማቆም አቅቶት ነው።»

«ምን በደልኩት ብሎ?»

«ምንም። የአደጋ መልእክት ከመከላከያ ሴሏ ደጃፍ ይደርሳል፤ ውስጥ ያሉት መልእክተኞች እየተቀባበሉ እስከ መሐል ያደርሱታል፤ ከዚያ ‹ተዋጉ› የሚል ትእዛዝ ይወጣል። ጠላት ሲጠፋ ቅብብሉ መቆም ነበረበት። የእርስዎ አልቆመም፤ ስለዚህ መከላከያው የራስዎን መገጣጠሚያ ይበላል። ኪኒኑ ያንን ቅብብል ነው የሚገታው።»

«እንግዲያ ዘበኛዬን አስሬ ለሌባ በሬን ልክፈት?»

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም፤ እሷም አላድበሰበሰችውም። «አደጋ የለውም አልልዎትም። ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ሐኪም ደም እየመረመረ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ዝም ብሎ መቀመጡ ግን ይብሳል።»

«ከወሰድኩት ጣቴ ይቃናል?»

ልትዋሻቸው አልፈለገችም። «የተጣመመው አይቃናም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ሊረባኝ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ይኼኔ ሴት ልጃቸው የሙጫ ቆርቆሮ በክንዷና በጎኗ መሐል አጣብቃ ከጓዳ ወጣች። ክዳኑን በእጅ አንጓዋ ትገፋለች። ተመራማሪዋ ዓይኗን ጣል አደረገችባት።

«ጣትሽን ያምሻል እንዴ፣ እህቴ?»

«ጠዋት ጠዋት ድርቅ ይላል። እስኪፍታታ ይረፍድብኛል።»

ጠራዡ ክው አሉ። ጠዋት ጠዋት «ተነሺ፣ አንቺ ሰነፍ!» እያሉ ሲጮሁባት የከረሙት እሳቸው ናቸው።

«የእሷስ?» አሉ የልጃቸውን ጣቶች እያዩ።

«ገና አልተጣመመም። ትመርመር፤ ያው ሕመም ከሆነም በጊዜ ከታከመች መገጣጠሚያዋ ሊተርፍ ይችላል። መርፌ ትይዛለች፤ ነገ ስትወልድም ልጇን ታቅፋለች። እርስዎም የቀረዎትን ጣት ያተርፋሉ።»

 ሽማግሌው ጠርሙሱን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣሉት።

«ነገ ሁለታችንም ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» ብለው ቆርቆሮውን ከልጃቸው ተቀበሉ። ጣታቸው እምቢ ሲላቸው ጎንበስ ብለው ክዳኑን በጥርሳቸው ከፈቱት።

«ከእንግዲህ ጠዋት አልጮህብሽም፣ ልጄ» አሏት።