ለሙላቷ የለቀቅኩት ተራ

ክቡራትና ክቡራን! አትሳቁ እንጂ፤ አንሶላ ስንጨምቅ የኖርን ሰዎችም ክብር አለን። ደክሟችሁ ሳለ ለእኔ ብላችሁ ስለተሰበሰባችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አሠሪያችን ሲት ሉጥፊያ፣ ግቢዎን ስለፈቀዱልን ሹክረን። ግሩም የምለውን ይተረጉምልዎታል፤ ስለ እሱ የምናገረውንም ሳይዘል፣ ኢንሻአላህ።

እዚህ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር፣ በዚህ የእንግዳ ማረፊያ ከ2002 ጀምሮ ሠርቻለሁ። እንደ ባለፈው ቅዳሜ የደነገጥኩበት ቀን ግን የለም። እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ጠቅልዬ አገሬ ልግባ ብዬ መጠየቄን ታውቃላችሁ። ልጄ ቃለአብ ደብረ ብርሃን እህቴ ዘንድ ነው የሚያድገው። ሲት ሉጥፊያ ፈቀዱልኝ። በዚያው ሰሞን አብራኝ የምታጥበው ሙላቷ፣ እናቷ ሸኖ ታመሙባት። ሲት ሉጥፊያም፣ "ሁለታችሁንም ከለቀቅኩ ማጠቢያ ቤቱን ማን ይይዘዋል? አንዷ ትቅር፤ ሙላቷ ከሄደች አንቺ የምትሄጂው እሷ ስትመለስ ነው" አሉ።

ተራው የእኔ ነበር። ለሙላቷ ለቀቅኩላት።

ያኔ ምን አልከኝ ግሩም? "የኔነሽ፣ ሞኝ ነሽ! አንዴ አገሯ ከገባች ማን ያስገድዳታል? ቀድሞ የሰጠ እጁ ባዶ ነው።" ዋሸ እንዴ? ወላሂ አልዋሸም። እኔ ከለቀቅኩ በኋላ ምርጫው ሁሉ የእሷ ነበር። በምን ልያዛት?

ከዚያ እናቷ አረፉ የሚል ወሬ መጣ። ስልኳም አልሠራ አለ። በቃ አልኩ። እናቷን የቀበረች ልጅ ለምን ብላ ካርቱም ትመለሳለች? ለቃለአብ ደውዬ፣ "የኔ ጌታ፣ ዘንድሮ አልመጣም" አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት አንሶላ ሳሰጣ በሩ ተከፈተ። ጥቁር የለበሰች፣ ጸጉሯን የተላጨች ሴት ከረክሻ ወርዳ ገባች። ሙላቷ! እንደ ሰው "ነፍስ ይማር" እንኳ አላልኳት። "ምን ልትሠሪ መጣሽ?" ነው ያልኳት!

"ተራሽ ነዋ።"

"የእናትሽ አርባስ?"

"እህቶቼ ያወጡታል። እኔ እናቴን ቀብሬያለሁ። ያንቺ ልጅ ግን በር በሩን እያየ ነው።"

እርጥቡ አንሶላ ላይ ቁጭ አልኩ።

ምነው ግሩም፣ መተርጎሙን ተውከው? አይዞህ፣ ቀስ በል። ሲት ሉጥፊያ ይጠብቁሃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን እጠይቃለሁ። እኔ ብሆን እመለስ ነበር? ሙላቷ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሻል፤ አልዋሽሽም። አላውቅም።

ግን ስሚኝ። አርባው ገና አልደረሰም፤ ሸኖም ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም። ቃለአብን ይዤ እሄዳለሁ፤ በአንቺ ቦታ ከእህቶችሽ ጋር እቆማለሁ። አሁን ደግሞ እኔን የሚያስገድደኝ የለም። እደርሳለሁ።

የእናትሽን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልሽ። ሲት ሉጥፊያ፣ ቤትዎ አይጉደል። እናንተንም ሁላችሁን በጤና ለአገራችሁ ያብቃችሁ። ያመናችሁት ሰው አያሳፍራችሁ፤ ያመናችሁንም ሰው አታሳፍሩ። ደህና ሁኑልኝ።