በፎቶ ኮፒ የወጣው ራይት

የክሊኒኩ ፎቶ ኮፒ ማሽን በዚያ ሳምንት ባይበላሽ ኖሮ አክስትና የእህት ልጅ ፊት ለፊት ባልተገጣጠሙ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዷ ስትመጣ ሌላዋ በሌላ በር እየወጣች ተሸሽገው ከርመዋል። ያን ቀን ግን ከክሊኒኩ ማዶ ባለችው ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋው ትከሻ ለትከሻ ስላቆማቸው፣ ሰላም ሳይባባሉ መቅረት አልቻሉም።

አክስትየዋን ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ቁልፍ» ይላታል። በካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ የቁልፍ ዘለላዋን ከወገቧ አውርዳ አታውቅም። ትምህርቷ ከስድስተኛ ክፍል አልዘለለም፤ የማን ካርድ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ግን ዓይኗን ጨፍና ታወጣ ነበር። የእህቷ ልጅ የኮምፒውተር ምሩቅ ናት። ክሊኒኩ ካርዶቹን ወደ ክላውድ፣ ማለትም ሩቅ ቦታ በኪራይ ወደያዘው ኮምፒውተር ካዛወረ ቆይቷል። ያንን የሚጠብቀው ቴክኒሻን ለቆ፣ ቦታው ባዶ ከርሞ፣ በቅርቡ እሷ ተቀጠረች።

የተኳረፉት በአንዲት ወረቀት ነው። ቴክኒሻኑ ሲለቅ አሥራ አራት መስመር ያለው የቁጥጥር ቅጽ ለእትዬ ቁልፍ ትቶላት ነበር። እሱ ያሳያትን ገጽ በየወሩ ኮምፒውተሩ ላይ እየከፈተች፣ እያየች፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ራይት ታደርጋለች። ልጅቷ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲፈትሸው ይህን ሁሉ በኮድ እንጻፈው ስትል፣ አክስትየዋ ሥራዋን የተቀማች መስሏት ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችና «ትናንት አፍንጫሽን የጠረግኩልሽ ልጅ ዛሬ እኔን ልትፈትሺ ነው?» ብላ አሰናበተቻት።

እንግዲህ እትዬ ቁልፍ ተራዋ ሲደርስ ያንን ቅጽ ማሽኑ ላይ አስተኛችው። ብርሃኑ ከሥር ሄዶ ተመለሰ፤ ወረቀቱ ትኩስ ሆኖ ወጣ። ልጅቷ በአክስቷ ትከሻ በኩል አየችውና ዝም ማለት አቃታት።

«አክስቴ፣ ይሄ ባዶው ነው ወይስ የተሞላው?»

«ባዶው ነው። የሚቀጥለው ወር።»

«ታዲያ ዘጠነኛው ላይ ራይት ያደረገው ማነው?»

«እሱ አብሮ የሚወጣ ነው» አለች እትዬ ቁልፍ፣ አላዋቂን እንደምታስረዳ ሁሉ። «ቴክኒሻኑ አንዴ ዘግቶት ሄዷል። ስለዚህ እሱን አላይም።»

ልጅቷ መስመሩን ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበችው፦ የቆዩ ካርዶች ማከማቻ ለውጭ ሰው ዝግ ነው። ከዚያ ስልኳን አወጣች። የይለፍ ቃል ሳታስገባ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ የማከማቻውን አድራሻ ጻፈች። ስክሪኑ ጥቂት ነጭ ሆኖ ቆየና በስም ዝርዝር ተሞላ።

እትዬ ቁልፍ የመጀመሪያውን ስም አወቀችው። ሁለተኛውንም። አንዱ ስም ላይ ሲደርሱ ስልኩን ከልጅቷ እጅ ነጠቀች። የስሙ ባለቤት ልጆቿን ይዛ ከባሏ የተደበቀች ልብስ ሰፊ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት አዲሱን አድራሻዋን ስታስመዘግብ «ማንም አያየውም አይደል?» ብላ ጠይቃት፣ እትዬ ቁልፍ ዘለላዋን መታ መታ አድርጋ «ከኔ ወገብ ካልወጣ» ብላታለች። ባልየው ከዚያ ወዲህ በየጊዜው መስኮቷ ጋ እየመጣ፣ በጨዋ አነጋገር፣ ሚስቱን ይጠይቅ ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ መምጣቱን ተወ። ተስፋ ቆረጠ ብላ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ግን ሌላው ምክንያት ታያት። የሚፈልገውን ያገኘ ሰውም መጠየቅ ያቆማል።

መንገዱን አቋርጣ ወደ ክሊኒኩ እንዴት እንደተመለሰች አታስታውስም። ልጅቷ ማከማቻውን ለመዝጋት አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ማን ገብቶ እንደነበር ስትፈልግ ግን ኮምፒውተሩ የገባውን ሰው የሚጽፍበት መዝገብ የሚያስቀረው ያለፈውን ሠላሳ ቀን ብቻ ሆነ። በሠላሳው ቀን የውጭ ሰው አልገባም። ከዚያ በፊት ያለው ጠፍቷል።

«አይቶታል?» አለች እትዬ ቁልፍ።

«አይታወቅም።»

«አይቶታል ወይስ አላየውም ነው የምልሽ።»

«አክስቴ፣ አይታወቅም።»

ለልብስ ሰፊዋ ደወለች። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ደግማ ደወለች፤ አይነሳም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ለልጅቷ ሐሳብ በተሸነፈ ነበር። እትዬ ቁልፍ ግን ግትር ናት፤ የፈራ ግትር ደግሞ ይብስበታል። ጥፋቱ የፎቶ ኮፒው እንጂ የወረቀቱ አይደለም አለች። ንጹሕ ቅጽ አሠርታ ሁሉንም በዓይኗ እንደምታይ ማለች። ኮድም ሰው የጻፈው ስለሆነ እንደ ሰው ይዋሻል አለች። ይህን ሁሉ ስትል ጣቷ መደወሉን አላቆመም። ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ያልተጻፈበት የታካሚ ካርድ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አዲስ ታካሚ ሲመጣ ስሙን ሳትሞይ ካርድ ታወጪለታለሽ?»

«ምን ነካኝ።»

«ዕድሜ በሚለው ላይ “ደህና ነው” ተብሎ ቢጻፍስ?»

«እመልሰዋለሁ እንጂ።»

«እኔም የምልሽ ይሄንኑ ነው። በኮዱ ውስጥ “ቁጥጥር” የሚባል አንድ የዳታ ዓይነት እንፈጥራለን፤ እንደዚህ ካርድ የራሱ ቅርጽ ያለው። ምን እንደሚጠብቅ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ በምን እንደሚፈተሽ፣ መቼ እንደተፈተሸ፣ ምን እንደተገኘ። አንዱ ከጎደለ ኮምፒውተሩ እንዳንቺ ይመልሰዋል፤ አልሠራም ይላል። የተገኘውን ደግሞ እኔም አንቺም በእጃችን አንጽፈውም። ፍተሻው ራሱ፣ ቅድም በስልኬ እንዳደረግኩት፣ በሩን ገፍቶ አይቶ ነው የሚሞላው።»

«ፍተሻው ካልሄደስ? ቢያቅተውስ?»

«ለሱም ቃል አለው። መልሱ ሦስት ብቻ ነው፤ ዝግ፣ ክፍት፣ አልታየም። ያንቺ ወረቀት ያለው ራይትና ባዶ ነው። ላልታየ ነገር ቦታ የለውም።»

እትዬ ቁልፍ መሳቢያዋን ከፍታ የሃያ ወር ቅጾቿን ጎን ለጎን ዘረጋች። ሰማያዊዎቹ ራይቶች አንዱ ከሌላው ይለያሉ፤ ቸኩላ ያደረገችው አለ፣ እጇ የተንቀጠቀጠበት አለ። ዘጠነኛው ግን በሁሉም ላይ ያው ጥቁር፣ ያው ጭራው ወደ ላይ የወጣ ነው። ያኔ ትዝ አላት። ቴክኒሻኑ ቅጹን ሲሰጣት «እንዲህ ታደርጊያለሽ» ብሎ፣ አሞላሉን ለማሳየት፣ እጁ ያረፈበት መስመር ላይ የሠራት ራይት ናት። ዘጠነኛውን አንድም ሰው አይቶት አያውቅም።

ስልኩ ተነሳ። ከወዲያ የስፌት መኪና ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ የመኪናው ጩኸት ነው ያላሰማኝ አለች።

«ዝግ ነው፣ አትስጊ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከእትዬ ቁልፍ ምላስ ጫፍ ደረሰ። ሃያ ሁለት ዓመት የተናገረችው ነው። ዋጠችው።

«ካርድሽ ያለበት ቦታ ክፍት ነበር። አሁን ዘግተነዋል። ሰውየው ይየው አይየው አልታወቀም። አላየሁትም ነበር፣ እህቴ። አየሁ ብዬ ስፈርም ኖሬ አላየሁትም።»

መኪናው ቆመ። «ልጆቼን ከትምህርት ቤት ላምጣ» አለች ሴትየዋ፤ ስልኩም ተዘጋ።

እትዬ ቁልፍ ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ልጅቷ ኮምፒውተር አስጠጋች። «የኮድ ካርድሽ ይጎድለዋል» አለች። «ክፍት ቢሆን ማን ይጎዳል የሚል ቦታ የለውም። ያንን ያልሞላ እንዳያልፍ አድርጊ።» ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ጻፈችው።

አሥራ አራቱም መስመሮች በሁለት ሳምንት ኮድ ሆኑ። አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን በአንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፦ በሦስተኛው ወር አንድ ሠራተኛ ሳያውቅ ያንኑ ማከማቻ ከፈተው፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ «ክፍት» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ከሥሩም የሚጎዳው ማን እንደሆነ ተጽፎ ነበር፤ ሻይ እንኳን ሳይቀዘቅዝ ተዘጋ። ያው ስህተት በወረቀት ዘመን ሃያ ወር ኖሯል።

ልብስ ሰፊዋ ከዚያ ስልክ በኋላ ተሰውራ በአራተኛ ወሯ መስኮቱ ጋ ቆመች። ቤት ቀይራለች። ባሏ የድሮውን ቤት አግኝቶት እንደሆነ ዛሬም አታውቅም። አዲሱን አድራሻ ከመናገሯ በፊት ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ማንም አያየውም አይደል?»

የእትዬ ቁልፍ እጅ ወደ ወገቧ ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ።

«ቆይ፣ ልየው» አለችና ወደ ስክሪኑ ዞረች።