አማረች ጾም የያዘች ዕለት

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ ሸክላ ሠሪ ሰው ቤት ከመጣች ከደጅ ነበር የምትቀመጠው፤ ምግቧም በእንሰት ቅጠል ነበር የሚሰጣት፣ ሳህኑን እንዳትነካ። ሳህኑን የሠራችው እሷ ናት እኮ። እናንተ ይሄ ቀርቷል ትላላችሁ፤ ሀዋሳ ነው፣ ሰው ተምሯል ትላላችሁ። ታዲያ ስሙኝ።

ከአጥሬ ቀጥሎ ያለችውን ምህረትን ታውቋታላችሁ፣ ባንክ የምትሠራዋን። አምና የመጀመሪያ ልጇን ወለደች እና እናቷ ዱካሌ ልታርሳት ከቱላ መጣች። ዱካሌ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ድስት ሸጣ ነው ይህችን ልጅ ያስተማረቻት። ታዲያ ወሬው ከዱካሌ ቀድሞ ሰፈር ገባ። እኔ አላወራሁም፤ እኔ ሰሚ ነኝ።

የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሳሙናውን፣ የሕፃን ልብሱን ይዞ አራስ ጥየቃ መጣ። ቡሪሳሜ ቀረበ፤ ቆጮው በቅቤ ርሶ፣ በትልቅ የሸክላ ገበታ። እና አማረች፣ ያቺ የእድራችን ሰብሳቢ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ማን ነው የሠራው?" አለች። ምህረት ሰማቻት።

"እናቴ ናት" አለች።

ከዚያ በኋላ የመጣውን በሽታ ብታዩ። አንዷ ስኳር አለባት፤ አንዷ ጨጓራዋ ተነሣ፤ አንዷ አሁን በልታ መምጣቷ ነው። አማረች ደግሞ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንዲህ፣ "እኔ እንኳ ጾም ጸሎት ይዣለሁ" አለች።

ታዲያ ዱካሌ ከጓዳ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ "ባጃጅ ጥሩልኝ፣ እኔ ልሂድ። እናንተ ብቻ ብሉላት" አለች፣ በዚያ በለሰለሰ ድምጿ። ምህረትም ጡት እያጠባች "እማ፣ አንቺ ከሄድሽ ልጄን ታቅፌ እከተልሻለሁ" አለቻት። ወገቧ ሳይጠና እኮ ነው፤ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች፣ አውቃታለሁ።

እና እኔ ምን ላድርግ፣ ማየት ልማዴ ነው። "አማረች" አልኳት፣ "ጾሙን የያዝሽው ከሳምቡሳው በፊት ነው በኋላ? አሁን ስትመጪ ባጃጅ ተራው ጋ ቆመሽ ስትበዪ አይቼሻለሁ። ዘይቱም አገጭሽ ላይ አለ።"

እጇ ወደ አገጯ ሮጠ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ምህረት እንኳ ሳቀች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሥራ የለሽም?" አለችኝ።

"የለኝም" አልኩና "ነይ ዱካሌ፣ እዚህ ከጎኔ፤ አብረን እንብላ" አልኩ። መጣች። ከአንድ ገበታ መብላት ጀመርን። ከዚያ ስኳር ያለባት ቀረበች፣ ጨጓራዋም ተሻላት። ሁለቱ ጫማቸውን አድርገው ወጡ፤ ስማቸውን እዚህ አልጠራም፣ ለብቻዋ ለምትመጣ ግን እነግራታለሁ።

አማረች መጨረሻ ላይ እጇን ዘረጋች። ጎረሰች፣ ደገመች፣ እና "ቅቤው በዛ" አለች።

"ለጿሚ ብዬ ነው" አለቻት ዱካሌ፣ ሕፃኑን ተቀብላ እያቀፈች።

(ከሰሚዎቹ አንዷ፦ "ታዲያ ቱላ ተመለሰች?")

ምን ትመለሳለች፣ አማረች መች ትለቃታለች። ጠዋት ጠዋት "ዱካሌ ተነሥታለች?" እያለች በር ታንኳኳለች፤ ከመስኮቴ ሆኜ አያታለሁ። ክፉ ሴት አይደለችም እኮ። ሰው ቀድሞ እንዲቀምስላት ነው የምትፈልገው፣ ሃሃ።