በልጄ አፍ

ከዴም ሰፈር ወደ ሱቅ ዐረቢ ገበያ በሚሄደው ሀፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች በአማርኛ ያወራሉ።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ጨጓራ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ።»

«ደሙንስ ነገርሽው?»

«የቱን ደም?»

«ሰገራሽ ላይ የምታዪውን ነዋ!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል! ዐረብኛውን የሚያስተረጉምልኝ ልጄ ነው። ወንድ ልጄን እንዴት ብዬ ይህን በል ልበለው?»

«እህቴም ኪንታሮት ነው እያለች ስትደብቅ ቆይታ፣ ሲታይ የአንጀት ካንሰር ሆነ። ቶሎ ብትናገር በኦፕራሲዮን ይወጣላት ነበር አሉን።»

«በስመአብ በይ!»

«ያላ፣ ውረጂና ወደ ሐኪሙ እንመለስ። እኔ አስተረጉምልሻለሁ።»

«ነገ፣ ኢንሻላህ።»

«ዛሬ!»

እናቴን ሐኪም ቤት የማስተረጉምላት እኔ ልጇ ነኝና፣ ሴቶቹ ከወረዱ በኋላ ስልኬን አውጥቼ ሱቅ ዐረቢ እስክንደርስ እሷስ ያልነገረችኝ ሕመም ይኖር ይሆን እያልኩ፣ ሳልደውል ስሟን እያየሁ ተቀመጥኩ።